የመምቻው ዘንግ ቢወደድ ጨዋታው ይሻሻላልን?

የማታ ዕረፍታቸውን በፑል ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያሳልፉ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። በጦር ሠፈሩ ክበብ ከጥበቃ ተራው የተመለሰው ወታደር፣ በከተማው ቡና ቤት ደግሞ የቀኑን ሥራ ፈጽሞ የወጣው ሠራተኛና ነጋዴ፣ በአንድ አረንጓዴ ጨርቅ ዙሪያ ተሰብስበው ይታያሉ። ጨዋታው ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ካራምቡላ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ ተወርሶ ከቡና ቤቱ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ባለ ስድስት ቀዳዳው ፑል ደግሞ የካራምቡላ ታናሽ ወንድም ሆኖ ዛሬ በየመንደሩ ተስፋፍቷል።

በእነዚህ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ከሚነሡት ክርክሮች መካከል መቋጫ ያጣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም የተሻለ መሣሪያ የገዛ ሰው የተሻለ ተጫዋች ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው ነበር። ዳሩ ግን የተሸነፈ የጠረጴዛውን ሒሳብ ይከፍላል የሚለው የፑል ቤት ሕግ ኪስ የሚነካ ሕግ ነው። በየማታው እየተሸነፈ በየማታው የሚከፍል ወጣት፣ ጥፋቱ የቤቱ ዘንግ ነው ብሎ ከደመደመ በኋላ፣ ከውጭ አገር ለሚመለስ ዘመድ ገንዘብ ልኮ በቆዳ ማኅደር የተከተተ ዘንግ ያስመጣል። የአንድ ወር ወይም የሁለት ወር ደመወዝ በዚህ መንገድ ሲሄድ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ሌላ ወር እንዲጠብቁ ይገደዳሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ለመሣሪያው ወገን ጥብቅና እንቁም። መሣሪያ ጨዋታን አይለውጥም የሚል ሰው ቢኖር የጨዋታውን ታሪክ አልመረመረም ለማለት እንደፍራለን። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት የመምቻው ዘንግ ጫፍ ባዶ እንጨት ነበር። ባዶ እንጨት ከለሰለሰ ኳስ ጋር ሲገናኝ ይንሸራተታል። በመሆኑም ተጫዋቹ የኳሱን እምብርት ከመምታት በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ይህን ሁኔታ በመለወጥ ስሙ የሚነሣው ሰው ወታደር ነው። በፈረንሳይ እግረኛ ጦር ሻምበል የነበረው ፍራንሷ ሜንጎ በፖለቲካ ምክንያት በፓሪስ ታስሮ ሳለ ቢሊያርድ እንዲጫወት ይፈቀድለት ስለ ነበር፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ቆዳ መለጠፍን በዚያው በእስር ቤት አዳበረ። ቆዳው ኳሱን ለቅጽበት ይይዘዋል። ስለዚህ ኳሱን ከእምብርቱ በታች፣ በላይ፣ በቀኝና በግራ መትቶ ማሾር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1807 ከእስር በወጣ ጊዜ ነጩ ኳስ ሌላውን ገጭቶ ወደ መጣበት ሲመለስ ያዩ ሰዎች እጅግ ተደነቁ። ሜንጎም ጥበቡን እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አሳተመው። የእስር ጊዜው ሲያበቃ ጥናቱን እስኪፈጽም ጥቂት እንዲቆይ ለመነ የሚል ወሬም ይነገራል። ፑል የሚጫወቱ አንባቢዎቻችን ይህን ወሬ ለማመን የሚቸገሩ አይመስለንም።

ከቆዳው ቀጥሎ የመጣው ጠመኔ ነው። በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ በአንድ የቢሊያርድ ቤት ነጥብ ይመዘግብ የነበረ ጆን ካር የተባለ ሰው የዘንጉን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ ኳሱን እንደ ፈለገ ያሾር ጀመር። ምሥጢሩን የጠየቁትን ሁሉ ልዩ ዱቄት እንዳለው እየነገረ፣ ያንኑ ተራ ጠመኔ ፈጭቶ በትናንሽ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ እያደረገ በውድ ዋጋ ይቸበችብላቸው ነበር። በዚህ ታሪክ ላይ ትንሽ ብንቆይ ደስ ይለናል። ዱቄቱ እውነተኛ ጥቅም ነበረው፤ ጫፉ እንዳይንሸራተት ይከላከላልና። ገዢዎቹ የተታለሉት ዱቄቱን ከገዙ የካር ክንድ ጭምር የሚመጣላቸው መስሏቸው ነው። ዛሬ በየመደብሩ የሚቀርበው መሣሪያ ሁሉ በዚህ ታሪክ ሚዛን ቢመዘን መልካም ነው። ቁምነገሩ አለ፤ ከቁምነገሩ በላይ የተጫነው ተስፋ ደግሞ በትናንሽ ሣጥን ይሸጣል።

ዛሬ ጠመኔ ብለን የምንጠራው ሰማያዊ ኩብ ግን በመምህር ሰሌዳ ላይ ከምናውቀው ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም። ዊልያም ስፒንክስ የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ የቺካጎ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያወጡበት ድብልቅ ሲሆን፣ ሲሊካና እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚያሻክር ደቃቅ ማዕድን ያለበት ነው።

ጠረጴዛውም እንደዚሁ ተለውጧል። የለንደኑ ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1826 በእንጨት ገበታ ፋንታ ጥቁር የድንጋይ ገበታ መሥራት ጀመረ። ከዚያም በጠርዙ ላይ ጎማ ገባ። ነገር ግን የመጀመሪያው ጎማ በብርድ ጊዜ እየደረቀ ያስቸግር ስለ ነበር ችግሩ የተቃለለው በሙቀትና በድኝ የተዘጋጀ ጎማ ከተገኘ በኋላ ነው። ኳሱ በበኩሉ ለረጅም ዘመን ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ በዛንዚባር ወደብ በኩል ይጫን ከነበረው የዝሆን ጥርስ ከፊሉ መጨረሻው የአውሮፓና የአሜሪካ ቢሊያርድ ቤቶች እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የጨዋታው ዕዳ ወደ እኛም አህጉር የሚዘልቅ መሆኑ ይታያል። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት በ1860ዎቹ መጨረሻ ሴሉሎይድን ለመሥራት የተነሣው ይህን ጥርስ የሚተካ ነገር ለሚያገኝ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት መሰየሙን ሰምቶ ነው።

እንግዲህ እስካሁን ያልነው ሁሉ ለመሣሪያው ወገን የሚመሰክር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ቆዳው፣ ጠመኔው፣ የድንጋይ ገበታውና ጎማው ዛሬ በማንኛውም ፑል ቤት ይገኛሉ። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚውለው ርካሽ ዘንግ ሳይቀር የሻምበል ሜንጎን ቆዳ በጫፉ ይዟል። መሣሪያ ለጨዋታው ሊያደርግ ከሚችለው ውለታ ትልቁን ድርሻ የመንደሩ ተጫዋች በጠረጴዛው ኪራይ ብቻ ያገኘዋል ማለት ነው። በመደብር መስኮት ውስጥ በብዙ ገንዘብ የሚቀርበው ከዚህ የተረፈው ነው።

የተረፈውስ ምንድን ነው? ከዋጋው ከፍተኛው ክፍል ጌጥ ነው። በእጀታው ላይ የተለበጠው ብርቅ እንጨት፣ በመካከሉ የገባው ዕንቁ መሰል ዛጎል፣ የተጠመጠመው ክርና ቆዳ ዓይን ያስደስታሉ። ጌጥን የምንነቅፍ አይደለንም፤ ያጌጠ ዘንግ የያዘ ሰው በራሱ የሚተማመን ከሆነ ይህም አንድ ጥቅም ነው። ግን የዘንጉ ጫፍ ከኳሱ ጋር ተገናኝቶ የሚቆየው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። እጅ የምቱን ንዝረት ሲሰማ ኳሱ ሄዷል። እጀታው የዝሆን ምስል ቢቀረጽበትም ባይቀረጽበትም ኳሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጌጥ ያልሆነ አንድ እውነተኛ መሻሻል ግን አለ፤ እርሱን በቅንነት እንመስክር። ተጫዋቹ ነጩን ኳስ ለማሾር በቀኝ በኩል በሚመታው ጊዜ፣ ኳሱ በታለመለት መስመር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በጥቂቱ ወደ ግራ ያፈነግጣል። በግራ ሲመታ ደግሞ ወደ ቀኝ ያፈነግጣል። ምክንያቱ የዘንጉ ጫፍ ክብደት ነው። ጫፉ በከበደ መጠን ኳሱን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ይበረታል። ይህ ማፈንገጥ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። ሆኖም አንድ ዲግሪ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ 35 ሚሊሜትር ያህል ስሕተት ያመጣል። የኳሱ ስፋት 57 ሚሊሜትር መሆኑን ስናስብ፣ ይህ የኳሱን ግማሽ የሚበልጥ ነው። ፕሬዴተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ የዘንጉን ጫፍ አቅልሎ ይህን ማፈንገጥ የሚቀንስ ዘንግ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ከካርቦን ጭረት የተሠራውን አወጣ። የዚህ የፊተኛው ግማሽ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

ነገር ግን መቀነስ ማጥፋት አይደለም። ማፈንገጡ ያንሳል እንጂ አይቀርም። ከዚህም በላይ ለዓመታት በቤቱ ዘንግ የተጫወተ ሰው ይህን ማፈንገጥ ሳያውቀው በዓይኑ ለምዶ ያካክሰዋል። አዲሱን ዘንግ የገዛ ዕለት ዓይኑ በአሮጌው ሒሳብ ማካካሱን ስለሚቀጥል፣ ትናንት ያገባቸው የነበሩትን ኳሶች ይስታቸዋል። ይህን ወታደር አንባቢዎቻችን ያለ ብዙ ማብራሪያ እንደሚረዱት እናምናለን። ማነጣጠሪያው በሌላ ሰው ዓይን የተስተካከለ ጠመንጃ ምንም ጥሩ ቢሆን ከመጀመሪያው ጥይት ጀምሮ ዒላማ አይመታም። ኳሱን እምብርቱ ላይ ብቻ የሚመታ ጀማሪ ደግሞ ማፈንገጥ የሚባል ነገር ስለማይደርስበት፣ ያልደረሰበትን በሽታ መድኃኒት ገዛ ማለት ነው።

ወደ ታላላቆቹ ተጫዋቾች እንሻገር። ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ እ.ኤ.አ. በ1954 ተወለደ። ያደገው በማኒላ በአጎቱ ፑል ቤት ውስጥ ነው። ለጠረጴዛው ቁመቱ ስላልደረሰ በለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ ይለማመድ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ስሙን ሴዛር ሞራሌስ ብሎ ለውጦ ተጫወተ፤ ዝናው ቀድሞት ደርሶ ስለ ነበር ተጋጣሚ እንዳይሸሸው ፈርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካን ኦፕን የዘጠኝ ኳስ ውድድር አሸንፎ አሜሪካዊ ያልሆነ የመጀመሪያው ባለድል ሆነ። በ1999 ደግሞ በካርዲፍ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ይህ ሰው ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ርካሽ በሆነ ዘንግ መጫወቱ ነው። ሬየስ በዚያ ዘንግ እያሸነፈ፣ ተሸናፊዎቹ የሠሪ ፊርማ ያለበትን ዘንጋቸውን በማኅደሩ እየከተቱ ሲሄዱ ማየት ለተመልካች ትምህርት ነበር።

የስኮትላንዱ ስቴፈን ሄንድሪ ታሪክ ግን ትንሽ ያወሳስበናል። ሄንድሪ የሚጫወተው የፑል ታላቅ ወንድም የሆነውን ስኑከርን ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በልጅነቱ በ40 ፓውንድ ገደማ በተገዛለት አንድ ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ዘንግ በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ተሰበረ። ሄንድሪም ከዚያ በኋላ ስምንተኛውን ዋንጫ ሳያገኝ ቀረ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ዕድሉ ከዘንጉ ጋር ተሰበረ ይላሉ። እኛ ግን የዓመታቱን ቁጥር እንመለከታለን። የዓለም ዋንጫው ድል የቆመው ዘንጉ ከመሰበሩ አራት ዓመት አስቀድሞ ነበር። በሌላ በኩል እንግሊዛዊው ጆን ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1977 ሦስተኛ የዓለም ዋንጫውን ያነሣው ከሁለት ወር በላይ ባልያዘው አዲስ ዘንግ ነው። ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው መላመድ ዋጋ እንዳለውና ይህም ዋጋ ከመደብሩ ዋጋ ጋር የማይገናኝ መሆኑን ነው። የ40 ፓውንዱ ዘንግ የከበረው ከዕለት ወደ ዕለት በአንድ እጅ ውስጥ ስለዋለ ነው።

በአማርኛችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ሆኖም ፈረሱም ቢሆን ካላነከሰ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ መሣሪያ ሁሉ አንድ ነው ብለን ቸል ማለት የለብንም። እንዲያውም በየፑል ቤታችን ጨዋታን በእውነት የሚያበላሽ መሣሪያ ሞልቷል፤ ነገር ግን እርሱ ተጫዋቹ ከቤቱ ሊያመጣው የሚችለው አይደለም። ስለ ጠረጴዛው መናገራችን ነው።

አንድ እግሩ የሰመጠ ጠረጴዛ ላይ በዝግታ የተመታ ኳስ መጨረሻው ላይ ይታጠፋል። ጨርቁ የተበላበት ስፍራ ኳሱ ይዘላል። ጎማው የደረቀ ጠርዝ ኳሱን በገባበት ማዕዘን አይመልሰውም። በአንድ ስሙን በማንጠቅሰው ቤት ውስጥ ከማዕዘኑ ቀዳዳ አጠገብ የሲጋራ እሳት ያቃጠለው ጨርቅ በፕላስተር ተለጥፎ አይተናል። ደንበኞቹም ከልማድ ብዛት ፕላስተሩን እንደ ጨዋታው ሕግ ቆጥረውት፣ እርሱን ተጠቅመው የሚያገቡበት ዘዴ አበጅተዋል! እንዲህ ያለውን ቤት ጀግና ሌላ ጠረጴዛ ላይ ብንወስደው እንግዳ ይሆናል። ጥሩ ጠረጴዛ ላይ የሚለማመድ ሰው ግን ስሕተቱ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ያርመዋል። መሣሪያ ተጫዋችን ያሻሽላል ከተባለ በዚህ መንገድ ነው የሚያሻሽለው።

የአየር ጠባይም የራሱ ሥራ አለው። በደጋው ከተማ ደረቅ አየር በፍጥነት የሚንሸራተተው ኳስ፣ በምፅዋ ወይም በጅቡቲ ወበቅ እርጥበት የጠጣ ጨርቅ ላይ ይከብዳል። ከደጋ ወደ ባሕር ዳርቻ የተዛወረ ተጫዋች ክንዴ ደከመ ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም። እንጨትም በእንዲህ ያለው አየር ይጣመማል፤ በተለይም ግድግዳ ላይ ጋደል ተደርጎ ሲከርም። ከውጭ የመጣ ውድ ዘንግ ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። በዚህ ረገድ ብቻ የካርቦኑ ዘንግ ከእንጨቱ እንደሚበልጥ አይካድም።

እንግዲህ የፑል ቤት ባለቤቶችና የክበብ ኃላፊዎች አንድ ውድ ዘንግ በመስተዋት ሣጥን ሰቅለው ከማሳየት፣ በዚያው ገንዘብ ጠረጴዛውን በውኃ ልክ ቢያስተካክሉ፣ ጨርቁን ቢያስለውጡና ለዘንጎቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት መደርደሪያ ቢያሠሩ የሚጠቀመው አንድ ሰው ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ነው።

ለተጫዋቹ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው የጫፉ ቆዳ ነው። ቆዳው ከረጅም አገልግሎት ጠፍጥፎና ድንጋይ ሆኖ ከተገኘ ጠመኔ አይይዝም። ጠመኔ ያልያዘ ቆዳ ደግሞ ከሜንጎ ዘመን በፊት የነበረውን ባዶ እንጨት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቆዳ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ እንደ ሳንቲም ጠርዝ ጎበጥ ማድረግ፣ ካለቀም አዲስ መለጠፍ፣ ከዘንጉ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ትንሽ ወጪ ነው። ቆዳው ደኅና ሆኖ ጠመኔ የተቀባም ቢሆን፣ ኳሱን ከእምብርቱ 14 ሚሊሜትር ያህል ርቆ መምታት የመጨረሻው ወሰን ነው። ከዚያ ያለፈ ማንኛውም ዘንግ ይንሸራተታል፤ የሚሊዮን ብርም ቢሆን።

ገንዘብ ተርፎት ዘንግ መግዛት የፈለገ ሰው ይግዛ፤ አንከለክልም። ቀጥ ያለ፣ ቆዳው የተሟላ፣ ክብደቱ ለክንዱ የሚስማማ መካከለኛ ዘንግ ይምረጥ፤ የመረጠውንም በየወሩ አይለዋውጥ። ቀጥ ማለቱን ለማየት እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ ዓይን መመልከት ይበቃል። ከመግዛቱ በፊት ግን አንድ ፈተና እንዲያደርግ እንመክረዋለን። ነጩን ኳስ በጠረጴዛው ራስጌ መካከል ላይ ያኑር። በቤቱ ዘንግ እምብርቱን መትቶ በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ ጠርዝ ይላከው፤ ኳሱ ነጥሮ ተመልሶ የዘንጉን ጫፍ ሊነካ ይገባዋል። ይህን ሃያ ጊዜ ያድርግ። ከዚያም ከጓደኛው ጥሩ የሚባለውን ዘንግ ተውሶ ሌላ ሃያ ጊዜ ይምታ። በሁለቱም ዘንጎች ኳሱ ወደ አንድ ወገን እያዘነበለ የሚመለስ ከሆነ፣ የሚገዛው ነገር በመደብር ውስጥ የለም፤ የጠዋት ሰዓት ጠረጴዛ ተከራይቶ ብቻውን መለማመድ ነው። ልዩነት ከታየ ግን ገንዘቡን ሊያወጣ ይችላል። በፈተናው ጊዜ ቁጥሩን የሚይዘው ዘንጉን ሊሸጥለት የሚፈልገው ሰው አለመሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።